ያገለገለ የእንጨት ቶርኖ ስትገዙ ቅድሚያ ለብረቱ፣ ከዚያ ለሞተሩ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። አዳማ ውስጥ፣ ከፍራንኮ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ጓሮ ውስጥ ያገለገለ የእንጨት ቶርኖ አግኝቷል። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ሞተሩ 3 ፈረስ ነው፤ ልግዛው?» አለኝ። ፎቶው ላይ ያለው ሞተሩ ብቻ ነው። ብረቱን አላነሳውም።

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራው የሞተሩን ጉልበት ነው። ገዢውም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱኑ ነው። እኔ ግን ነገሩን ገልብጣችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ሞተር ይቃጠላል፣ ይጠቀለላል፣ ይቀየራል። ብረቱ ከተሰነጠቀ ወይም ከጠመመ ግን ገንዘባችሁን ቆጥራችሁ የገዛችሁት ቁርጥራጭ ነው። ስለዚህ ብረቱን አይታችሁ ግዙ። ሞተሩን ደግሞ ቤታችሁ በሚመጣው መብራትና በምትሠሩት ሥራ ልክ ምረጡ።

ለጀማሪ ባጭሩ ላስረዳ። የእንጨት ቶርኖ እንጨቱን ያሽከረክራል፤ እኛ መሮ እናስነካዋለን። የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ዘነዘና፣ የረከቦት እግር፣ ሳህን፣ ክብ የሆነ ነገር ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ከታች አልጋ የሚባለው ረጅሙ ብረት አለ። በግራ በኩል የማሽኑ ራስ አለ፤ ሄድስቶክ ይሉታል። የሚሽከረከረው ዘንግ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። በቀኝ በኩል በአልጋው ላይ እየተንሸራተተ እንጨቱን የሚደግፈው ጭራው፣ ማለትም ቴልስቶኩ ነው። መሃል ላይ መሮ የምናሳርፍበት ብረት ይቆማል። የቀሩትን ስሞች ብዙዎቹን የወሰድነው ከጣልያን ነው። ቶርኖ፣ ቺንጋ (ዙሩን ከሞተሩ ወደ ዘንጉ የሚያደርሰው ቀበቶ)፣ ኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት)፣ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጎማ)፣ ዳዶ፣ ቡሎን። ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ በእነዚህ ስሞች ብትጠይቁ ወዲያው ትግባባላችሁ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ አጣሩ። «ቶርኖ አለ» ሲሏችሁ የብረት ይሁን የእንጨት ጠይቁ። የብረት ቶርኖ ከባድና ውድ ነው። ፍጥነቱም ብዙ ጊዜ ለቀጭን እንጨት አይበቃም። የእንጨት አቧራ ደግሞ በዘይት ከራሰው ተንሸራታች ብረቱ ጋር ተቦክቶ ማሽኑን ይበላዋል።

ብረቱን በእጃችሁ እዩት

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ከውጭ የመጣ፣ አልጋው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። ሁለተኛው እዚሁ አገር በአንግል ብረትና በወፍራም ላሜራ የተበየደ ነው። እዚህ አገር የተሠራውን አትናቁ። በደንብ የተበየደ፣ ቀጥ ያለና ከባድ ከሆነ ለእግርና ለመደገፊያ ሥራ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ችግሩ ብዙዎቹ ቀላል መሆናቸው ነው። ቶርኖ ሲቀል ይንቀጠቀጣል። ሲንቀጠቀጥ መሮው ይዘላል፤ እንጨቱ ላይም ጠባሳ ይቀራል። እግሮቹ ላይ ሳጥን ሠርታችሁ አሸዋ ብትሞሉበት ግን ፀጥ ይላል። የእኔ የመጀመሪያው ማሽን ለ6 ዓመት የቆመው አሸዋ ተሸክሞ ነው።

የፈሰሰ ብረት ከሆነ የምትፈልጉት ስንጥቅ ነው። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቡሎን ከሚገባባቸው ቀዳዳዎች አጠገብና አልጋው ከማሽኑ ራስ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ነው። ቀለምና ቅባት ይሸፍነዋል። ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ። የጠረጠራችሁትን ቦታ በደንብ ጥረጉት። ነጭ ጋዝ በጨርቅ ነክራችሁ ቀቡት፤ ትንሽ ጠብቁና ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። ከዚያ በላዩ ላይ ጠመኔ አሹበት። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ጠመኔ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይሠራል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በዚህ መንገድ ሲገለጥ አይቻለሁ። «በብየዳ ይዘጋል» ቢሏችሁ ቸኩላችሁ አትስማሙ። የፈሰሰ ብረት በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ብዙ ጊዜ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ራስና ጭራው ይተያዩ እንደሆነ እዩ። ሁለቱም ላይ ሾጣጣውን ብረት ክተቱ። ጭራውን ገፍታችሁ ወደ ማሽኑ ራስ አስጠጉት፤ ሁለቱ ጫፎች ሊነካኩ እስኪደርሱ ድረስ። ልክ እንደ ሁለት መርፌ ጫፍ ለጫፍ መግጠም አለባቸው። አንዱ ከሌላው በ1 ሚሊ ሜትር ከዞረ የእግር ሥራ ላይ ብዙም አይጎዳችሁም። ጭራው ላይ መሰርሰሪያ ሰክታችሁ መሃል መብሳት ስትፈልጉ ግን ቀዳዳው ይወላገዳል። ከፍታው ከተለያየ ከዝቅተኛው ሥር ላሜራ ተነጥፎ ይስተካከላል። አልጋው ራሱ ከተጠማዘዘ ግን ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ኩሽኔታው። እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ብትሠሩ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ሶኬቱን አስነቅሉ። ቺንጋውን አውጡት። ቺንጋው ካለ የሞተሩ ድምፅና የዘንጉ ድምፅ ይደባለቅባችኋል። ዘንጉን በእጃችሁ ጨብጡትና ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ነቅንቁት። በእጃችሁ የሚሰማ «ቀጭ» የሚል መላወስ ካለ ወይ ኩሽኔታው አልቋል፣ ወይ ማጥበቂያው ዳዶ ላልቷል። ከዚያ በዝግታ አዙሩት። ጥሩ ኩሽኔታ ቅቤ ውስጥ እንደሚዞር ነው። አሸዋ የገባበት ግን ጣታችሁ ላይ ይቆረቁራል። አሁን ካቻቢቴ አምጡ። ብረቱን ኩሽኔታው የተቀመጠበት ቦታ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯችሁ ሥር ያለው አጥንት ላይ አድርጉት። በሌላው እጃችሁ ዘንጉን አሽከርክሩት። ፀጥ ያለ ሹክሹክታ ከሰማችሁ ደህና ነው። «ግርርር» ካለ መቀየር አለበት።

ኩሽኔታ ስለተበላሸ ብቻ ማሽኑን አትተዉት። ኩሽኔታ በቁጥር የሚሸጥ ዕቃ ነው። ጎኑ ላይ 6205 የሚል ካያችሁ ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የትም አገር ቢሠራ ልኩ ያው ነው። ቁጥሩን ጽፋችሁ ሂዱ፤ ሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን ያለውን ጠይቁ። የእንጨት አቧራ ክፍቱን ኩሽኔታ ቶሎ ይገድለዋል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ኩሽኔታው ላልቶ ብዙ ከሠራ ዘንጉ በኩሽኔታው ውስጥ እየተንሸራተተ ራሱ ይበላል። ያን ጊዜ አዲስ ኩሽኔታ ብትከቱም አይጨብጥም። ዘንጉ በብረት ቶርኖ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ይህንን ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

የዘንጉን ጫፍም እዩ። ጥርሱ ያልተበላና የተለመደ ልክ ያለው ከሆነ ቻክ፣ ማለትም እንጨቱን ጨብጦ የሚይዘውን ማሰሪያ፣ ገዝታችሁ ታስራላችሁ። እንግዳ ልክ ከሆነ ለእያንዳንዱ ዕቃ ማስቀረጫ ትከፍላላችሁ። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ሾጣጣ ቅርጽ ሞርስ ይባላል። የአፉ ስፋት 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ቁጥር 2 ነው፤ 12 ገደማ ከሆነ ቁጥር 1 ነው። ምርጫ ካላችሁ ቁጥር 2ን ያዙ፤ ጠንካራ ነው፣ ዕቃውም በቀላሉ ይገኛል።

ሞተሩ፦ ጉልበቱን ሳይሆን ዙሩን ጠይቁ

የመጀመሪያውን ቶርኖዬን ስገዛ ሞተሩ ከውኃ ፓምፕ የተፈታ ነበር። አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሻጩ «ኃይለኛ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። እኔም ስለ ዙሩ አልጠየቅኩም። አንድ ቀን 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዋንዛ ግንድ ለሳህን አሰርኩ። ማብሪያውን ስጫን ማሽኑ ሁሉ ዘለለ። ግንዱ ከማሰሪያው ተፈትቶ ትከሻዬን አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰበረ። ያን ጊዜ ትንሽ ወደ ግራ ቆሜ ባልሆን ይህንን አልጽፍላችሁም ነበር።

ምን ሆኖ ነው? ሒሳቡ ይህ ነው። ያ ሞተር በደቂቃ 2,850 ዙር ይዞራል። ፑሌጃዎቹ እኩል ስለነበሩ እንጨቱም 2,850 ዞረ። የ28 ሳንቲ ሜትር እንጨት ጠርዝ በዚያ ዙር በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ላይ ለመኪና ከተፈቀደው በላይ ነው። ሚዛኑን ያልጠበቀ ጥሬ ግንድ እንዲህ ሲሽከረከር ምንም ማሰሪያ አይዘው።

የተራ ኤሌክትሪክ ሞተር ፍጥነት በሁለት ነገር ይወሰናል። አንዱ የመብራቱ ድግግሞሽ ነው፤ የእኛ አገር 50 ኸርዝ ነው። ሌላው ሞተሩ ሲጠቀለል የተሰጠው የፖል፣ ማለትም የማግኔት ዋልታ፣ ብዛት ነው። ባለ 2 ፖል ሞተር 2,850 ገደማ ይዞራል። ባለ 4 ፖል 1,400 ገደማ። ባለ 6 ፖል 940 ገደማ። ለእንጨት ቶርኖ የምፈልገው ባለ 4 ፖሉን ነው። ጉልበታቸው እኩል ከሆነ ባለ 4 ፖሉ ከባለ 2 ፖሉ በእጥፍ የሚበልጥ የመጠምዘዝ ኃይል አለው። መሮው እንጨት ውስጥ ሲገባ ሞተሩ እንዳይቆም የሚያደርገው ይህ ነው።

የቀረውን ፑሌጃው ይሠራዋል። የሞተሩን ዙር በሞተሩ ፑሌጃ ስፋት አባዙት፤ በዘንጉ ፑሌጃ ስፋት አካፍሉት። የሞተሩ 6 ሳንቲ ሜትር፣ የዘንጉ 14 ከሆነ፣ 1,400 ሲባዛ በ6፣ ሲካፈል ለ14፣ 600 ዙር ይመጣል። ሁለቱም 10 ከሆኑ 1,400 ነው። 14 እና 6 ካደረጋችሁት 3,260 ገደማ ይደርሳል። ሦስት ደረጃ ያለው ፑሌጃ ሁለት ብታስቀርጹና ፊት ለፊት ገልብጣችሁ ብትገጥሟቸው በአንድ ቺንጋ ሦስት ፍጥነት አገኛችሁ። ይኸው ፑሌጃ በፓምፑ ሞተር ላይ ቢሆን ዝቅተኛው ፍጥነት እንኳ 1,220 ነው። ለሳህን አደገኛ ነው።

ስንት ዙር ይበቃል ለምትሉ፣ የእንጨት ቶርኖ ሠራተኞች የሚይዙት መለኪያ አለ። የእንጨቱ ስፋት በሳንቲ ሜትር ሲባዛ በዙሩ ከ15,000 እስከ 23,000 ባለው ውስጥ ይሁን። ለ10 ሳንቲ ሜትር እንጨት ከ1,500 እስከ 2,300 ነው። ለ30 ሳንቲ ሜትር ከ500 እስከ 770። ይህ ግን ተከርክሞ ክብ ለሆነ እንጨት ነው። ገና ጥሬውን ስታስሩ ከዝቅተኛውም በታች ጀምሩ። እንጨቱ ስንጥቅ ወይም ትልቅ ዓይን ካለው ጨርሶ አትሰሩት።

ጉልበቱስ? ለእግርና ለመደገፊያ ግማሽ ፈረስ ይሠራል፤ 1 ፈረስ ደግሞ ያስደስታል። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሳህን 1 ፈረስ፣ ማለትም 0.75 ኪሎ ዋት፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ተኩል ወይም 2። 3 ፈረስ ለዚያ ወጣት ቶርኖ አያስፈልግም። ጉልበት ሲበዛ መሮው እንጨቱ ላይ ሲነክስ ሞተሩ አይቆምም፤ መሮውን ወይም ጣታችሁን ይዞ ይሄዳል።

ደግሞ የተጻፈውን ሁሉ አትመኑ። ጎኑ ላይ ያለችውን ጽሑፍ አንብቡ። 2 ፈረስ ማለት 1,492 ዋት ነው። ጽሑፉ 2 ፈረስ፣ 220 ቮልት፣ 5 አምፔር የሚል ከሆነ አባዙት፤ 1,100 ነው። ሞተሩ ከመስመሩ 1,100 እየወሰደ 1,492 ሊሰጥ አይችልም። በሙቀት የሚባክነውን ስትቀንሱ 1 ፈረስም አይሞላም። ጽሑፉ ከጠፋ መስፈሪያ አውጡ። ከሞተሩ እግር ሥር እስከ ዘንጉ መሃል ያለውን ቁመት ለኩ። በዓለም አቀፉ ልክ የተሠራ ባለ 4 ፖል ሞተር ቁመቱ 80 ሚሊ ሜትር፣ የዘንጉ ውፍረት 19 ከሆነ ብዙውን ጊዜ 1 ፈረስ ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ነው። 90 ቁመትና 24 ውፍረት ከሆነ ከአንድ ተኩል እስከ 2 ፈረስ ነው። የዘንጉን ውፍረት ፑሌጃ ለማስቀረጽም ትፈልጉታላችሁ።

የልብስ ማጠቢያ ሞተርስ? ብዙ ወጣቶች ርካሽ ስለሆነ ይጠይቁኛል። የብዙዎቹ ሞተር ካርቦን ያለው ነው። ጭነት ከሌለው ዙሩ ያለ ልክ ይወጣል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ መቆጣጠር አይቻልም። በዚያ ላይ ክፍት ነው፤ አቧራውን ይስባል። ለእንጨት ሥራ ዝግ የሆነና ከኋላ የራሱ ማራገቢያ ያለው ሞተር ፈልጉ።

ከቆጣሪያችሁ ምን ይመጣል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ከውጭ የመጡ ጥሩ ቶርኖዎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በሦስት ፌዝ ሞተር ነው። አብዛኛው ቤት ያለው ደግሞ ነጠላ ፌዝ 220 ቮልት ነው። ሼድ ተከራይታችሁ የምትሠሩና ሦስት ፌዝ የገባላችሁ ከሆነ ምንም አትቸገሩ። የሦስት ፌዝ ሞተር ቀላል ነው፤ ካፓሲተር የለውም፣ ሲነሳ አያንገራግርም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ቤታችሁ ጓሮ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ግን ሦስት መንገድ አላችሁ።

ቀላሉ ሞተሩን በነጠላ ፌዝ መቀየር ነው። ካፓሲተር ያለው፣ ባለ 4 ፖል፣ ዝግ። ሲነሳ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሊሰማችሁ ይችላል። ማስነሻው ካፓሲተር ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ነው። ሳይነሳ «እምምም» እያለ ከቆመ ወዲያው አጥፉት፤ ካፓሲተሩ ወይም ውስጥ ያለው ማብሪያ ሞቷል። ካፓሲተር ርካሽ ነው፤ የሞተሩን ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ ምክንያት ይሆናችኋል።

ሁለተኛው የሦስት ፌዙን ሞተር በካፓሲተር ማታለል ነው። ለአንድ ኪሎ ዋት 70 ማይክሮ ፋራድ ገደማ ይታሰባል። ይሠራል፤ ግን ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፣ ሲነሳም ደካማ ነው። ለሳህን አልመክረውም።

ሦስተኛው እኔ ዛሬ የምጠቀምበት ኢንቨርተር ነው። ነጠላ ፌዝ 220 ይቀበላል፣ ሦስት ፌዝ 220 ይሰጣል። ፍጥነቱን በጣት እያዞራችሁ ትቀይራላችሁ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩን ጽሑፍ አንብቡ። 220/380 የሚል ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ በዴልታ፣ ማለትም ሦስቱን ጥቅሎች ጫፍ ለጫፍ እንደ ሦስት ማዕዘን አያይዛችሁ፣ አስሩት፤ በ220 ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። 380/660 የሚል ከሆነ ለዴልታውም 380 ይፈልጋል፤ በዚህ ኢንቨርተር ደካማ ይሆናል። ይህንን ቁጥር ሳያይ ገዝቶ የተናደደ ሰው አውቃለሁ።

ኢንቨርተር አለኝ ብላችሁ ፑሌጃውን አትጣሉት። በፑሌጃ ፍጥነት ስትቀንሱ የመጠምዘዝ ኃይሉ ይጨምራል። በኢንቨርተር ስትቀንሱ አይጨምርም፤ ያው ነው። የሞተሩ ማራገቢያም አብሮ ስለሚዘገይ ይግላል። ስለዚህ ለሳህን መጀመሪያ ቺንጋውን ዝቅተኛው ፑሌጃ ላይ አድርጉ፤ ማስተካከያውን ብቻ በኢንቨርተር። የመብራት ማደብዘዣ ዲመር ግን በነጠላ ፌዝ ሞተር ላይ እንዳትሞክሩት። ፍጥነቱን በወጉ አይቀንስም፣ ሞተሩን ያቃጥላል።

አሁን ቴስተራችሁን ይዛችሁ የቤታችሁን ሶኬት ለኩ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት አንዴ። የሞተር የመጠምዘዝ ኃይል ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬው ይወርዳል። 220 የነበረው 190 ከሆነ ሩብ ኃይል አጣችሁ። 180 ከሆነ ሲሶው ሄደ። ሞተሩ ደካማ ነው ብለው የሚያማርሩ ብዙዎች ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የመስመሩ ነው። በቀጭን ገመድ ከሳሎን እስከ ጓሮ መሳብም ያው ነው። 2.5 ካሬ ሽቦ ይሁን፤ የራሱ ብሬከር ይኑረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሸከም መስመር 1 ፈረስ ሞተር አያቅተውም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አታብሩ።

ሌላ አንድ ነገር። ሞተሮች ሲሠሩ የሚታሰበው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ትንሽ ያነሰ ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን የእኛን ሙቀት ጨምሩበትና ሞተሩን በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ ሥር ሙሉ ቀን አታጨናንቁት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ይህንን ክፍል ለብቻው የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። እየሠራችሁ መብራት ጠፋ። ማብሪያውን ሳታጠፉ ቡና ልትጠጡ ገባችሁ። ልጃችሁ ጓሮ ገብቶ እንጨቱን ይነካካል። መብራቱ መጣ። ቶርኖው በራሱ ተነሳ።

ተራ ማብሪያ ያለው ማሽን ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። መፍትሔው ኮንታክተር ነው። አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው፣ መብራት ሲሄድ በራሱ የሚለቅ፣ ተመልሶ ሲመጣ አረንጓዴው ካልተጫነ የማይነሳ። ያገለገለ ቶርኖ ላይ ብዙ ጊዜ ይህ የለም፤ ወይም ተበላሽቶ በተራ ማብሪያ ተተክቷል። ከሞተሩ አቅም ጋር የሚሄድ የጭነት መቆጣጠሪያ አብሮ ይገጠምለት፤ ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ይቆርጣል። የመሬት መስመሩም የማሽኑን ብረት መንካቱን በቴስተር አረጋግጡ። ይህን ሁሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። ከዋጋው ላይ አትሰስቱ።

ኢንቨርተር ካላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ያዙ። በኢንቨርተሩና በሞተሩ መካከል ማብሪያ አታስገቡ፤ ማስነሳትና ማቆም በኢንቨርተሩ ቁልፍ ይሁን። መብራት ሲመጣ በራሱ እንዳይነሳም ቅንብሩን አስተካክሉ። ክዳኑን ለመክፈት ከፈለጋችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ውስጡ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይገድላል።

ያ ወጣት በማግስቱ ሌላ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። የአሁኑ የአልጋው፣ የዘንጉ ጫፍና የሞተሩ ጽሑፍ ነው። 2.2 ኪሎ ዋት፣ 2,860 ዙር፣ 380/660። ብረቱ ግን ጠንካራ ነው፤ ከባድ፣ ስንጥቅ የሌለው፣ ኩሽኔታው ብቻ የሚያጉረመርም። አብረን ሄድን። ሻጩን «ወንድሜ፣ ሞተሩን አንተ አስቀረው፤ ብረቱን ብቻ እንግዛህ» አልነው። ትንሽ አንገራገረና ተስማማ። ለእሱም ሞተሩ ለብቻው ይሸጥለታል። ሁለት ኩሽኔታና 1 ፈረስ፣ 1,400 ዙር ሞተር ገዛንለት።

የመጀመሪያ ቀን ያለ እንጨት አስነሳነው። ከጭራው በኩል ሆኖ ሲታይ ወደ ግራ መዞር አለበት፤ የእንጨቱ አናት ወደ ሠራተኛው መምጣት አለበት። የእሱ ገልብጦ ዞረ። እንዲያ ከቀጠለ ቻኩ ራሱን እየፈታ ይወድቃል። ባለሙያው የማስነሻውን ጥቅል ሁለት ጫፎች አቀያየረና ተስተካከለ። ከዚያ ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ አንድ ሰዓት ተውነው። በየ15 ደቂቃው እጄን ኩሽኔታው ላይ አሳርፍ ነበር። ሞቅ አለ፤ እጅ የሚያቃጥል ግን አይደለም። ወጣቱ ከጎን ቆሞ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ የመጀመሪያውን የወይራ ቁራጭ አሰረ። ለእናቱ ዘነዘና ሊሠራ ነው።